በነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል በበጎ ፈቃድ መሥራት፦ ለሕግ ተማሪና ለጀማሪ ባለሙያ የአሠራር መመሪያ

የሕግ ተማሪ ከሆናችሁ አንድ ነገር ሳትታዘቡ አልቀራችሁም። ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ጥያቄ ተጣርቶ ነው የሚመጣው። ቀኑ ተጽፏል፣ የማይጠቅመው ወጥቷል፣ "ሀ ለለ ቤት ሸጠ" ይላል። የእናንተ ሥራ አንቀጹን መፈለግ ብቻ ነው። ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል የሚመጣ ባለጉዳይ ግን ችግሩን ከነሰንኮፉ ነው ይዞ የሚመጣው። አሠሪው አባሮታል፣ የቤት ኪራይ ተጠራቅሞበታል፣ ወንድሙ ውርስ ከልክሎታል። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ይነግራችኋል። ከዚያ ውስጥ የሕጉን ጥያቄ ነቅሶ ማውጣት ነው ሙያው፤ የሚለመደውም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው።

መመሪያው በዋናነት ለሦስተኛ ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናችሁ የሕግ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ተመርቃችሁ የጥብቅና ፈቃድ ገና ላላወጣችሁ ነው። ሕግ ያልተማራችሁም ባለጉዳይ በመቀበል፣ በማስተርጎምና መዝገብ በማደራጀት ትጠቅማላችሁ።

1. ቦታ ምረጡ

ቅርቡ በር ዩኒቨርሲቲያችሁ ነው። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ ሐረማያ፣ ሐዋሳና ሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች በሕግ ትምህርት ቤታቸው ሥር ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። ተማሪ ከሆናችሁ የሚያስፈልጋችሁ መታወቂያና የትምህርት ክፍሉ ይሁንታ ነው። ከተመረቃችሁም ብዙ ጊዜ አይመልሷችሁም፤ የሰው እጥረት የሌለበት ማዕከል እኔ አላየሁም።

ሁለተኛው የሲቪል ማኅበራት ናቸው። ከሁሉ የታወቀው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለው ነበር። ማኅበሩ በቤተሰብና በጾታዊ ጥቃት ጉዳዮች ላይ ለሴቶች የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። በዚህ ዘርፍ መሥራት ካሰባችሁ እዚያ ሞክሩ።

ሦስተኛው መንገድ ብዙ ሰው አያስበውም። የምታውቁት ጠበቃ ካለ በነጻ ለሚይዛቸው ጉዳዮች ረዳት ልሁን በሉት። የ1992ቱ የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዝዞ ነበር። ነጻ ጉዳይ መያዝ በሙያው ውስጥ የቆየ ግዴታ ስለሆነ ሐሳቡ ለጠበቃው እንግዳ አይሆንበትም። ጊዜ የሚያጥረው ጠበቃ ደግሞ ሰነድ የሚያደራጅለት ሰው ሲያገኝ ደስ ነው የሚለው።

የትም ብትሄዱ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "ሥራዬን የሚያየው ማነው?" ስም ካልተሰጣችሁ፣ ወይም "ሁሉም እያየ ይሠራል" ከተባላችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ማንም የማያርመው በጎ ፈቃደኛ ስህተቱን እየደጋገመ ይካናል። ባለጉዳዩም ዋጋውን ይከፍላል።

2. ሕጉን በኪሳችሁ፣ በአማርኛ

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የፌዴራል ችሎት በአማርኛ ነው። ሐረማያ ወይም ጅማ ከሆናችሁ አፋን ኦሮሞ ያስፈልጋችኋል። ስለዚህ አማርኛውን የነጋሪት ጋዜጣ ቅጂ አንብቡ፤ የፌዴራል ሕግ የአማርኛና የእንግሊዝኛ ቅጂ ሲጋጭም የሚጸናው አማርኛው ነው።

ስልካችሁ ላይ አንድ ማኅደር ክፈቱ። የመጀመሪያ ወራችሁን የሚያሻግሯችሁ እነዚህ ናቸው፦ ሕገ መንግሥቱ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011፣ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 213/1992፣ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ 1234/2013 እና የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ 1320/2016። ክልል ላይ ከሆናችሁ የክልላችሁን የቤተሰብ ሕግና የገጠር መሬት ሕግ ጨምሩ። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው። ይህን የሚዘነጋ ሰው ቁጥሩ ብዙ ነው።

ሁሉንም አትሸምድዱ። ማውጫውን እወቁ።

3. ባለጉዳዩን አስወሩ

ሰው ሲገባ ተነሡ፣ ሰላም በሉ፣ ወንበር ስጡ። ትልልቅ ሰዎችን "እማማ"፣ "አባባ"፣ "እትዬ" ማለት ነውር የለውም። "አመልካች" የሚለውን ለወረቀቱ ተዉት።

ከዚያ አንድ ክፍት ጥያቄ ጠይቁና ዝም በሉ፦ "እስቲ ምን እንደገጠመዎ ይንገሩኝ።" ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አትጻፉ፣ አታቋርጡ። ብዙዎቹ ወረዳ ሄደው፣ ፖሊስ ሄደው፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ተቀምጠው ነው እናንተ ጋ የሚደርሱት። በየደረሱበት ግማሽ ድረስ ተሰምተው ተቋርጠዋል። አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ከወጣላቸው ቀጥሎ ለምትጠይቁት ጥያቄ ቀጥ ያለ መልስ ይሰጧችኋል።

ሁለተኛው ዙር የእናንተ ነው። አሁን ወረቀት አውጡና ከመጀመሪያው ጀምራችሁ በቅደም ተከተል ጠይቁ። መጀመሪያ የሌላውን ወገን ሙሉ ስም ያዙ። ማዕከሉ ያንን ሰው ቀድሞ እያማከረ ከሆነ፣ ወይም ዘመዳችሁ ከሆነ፣ እዚያው አቁሙና ለኃላፊው ንገሩ። የጥቅም ግጭት የሚታየው ከተመከረ በኋላ ከሆነ ሁለቱንም ወገን ያሳጣል።

"ማን አይቷል? ማን ሰምቷል?" ብላችሁ ጠይቁ። "ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል" የሚል መልስ ይመጣል። ሰፈሩ ሁሉ ችሎት አይቀርብም። ሁለት ሦስት ስም ከነአድራሻው ያዙ።

የሚጎዳቸውንም ጠይቁ። "አሠሪዎ ቢጠየቅ ምን የሚል ይመስልዎታል?" የምትለዋ ጥያቄ ከሁሉም ትበልጣለች። ባለጉዳይ ውሸታም ስለሆነ አይደለም፤ የራሱን ጥፋት ሳይጠየቅ የሚናገር ሰው የለም። ሦስት ቀን ከሥራ መቅረቱን፣ ባዶ ወረቀት ላይ መፈረሙን፣ ገንዘቡን በከፊል መቀበሉን የምትሰሙት ያን ጊዜ ነው። ከተከሳሽ መልስ ላይ ከምታነቡት አሁን ብትሰሙት ይሻላል።

ጉዳዩ የጥቃት ከሆነ ይህ ሁሉ ይቀየራል። የተደፈረችን ወይም የተደበደበችን ሴት ታሪኳን ደጋግማችሁ አታስወሯት። መጀመሪያ ደኅና መሆኗንና ሕክምና ማግኘቷን አረጋግጡ። ጉዳቱ ትኩስ ከሆነ ሳትታጠብና ልብሷን ሳትለውጥ ሆስፒታል ትድረስ። አዲስ አበባ ውስጥ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለው ማዕከል ሕክምናውንም ሕጉንም አንድ ቦታ ለመስጠት የተቋቋመ ነው። "በሽማግሌ ይለቅ" የሚል ዘመድ አብሮ ቢመጣ ብቻዋን አነጋግሯት። ሽምግልናን አልጠላም፤ የባልና ሚስት ክርክርንና የጎረቤት ድንበርን ስንት ጊዜ አብርዷል። የቤተሰብ ሕጉም ለፍቺ የመጡ ባለትዳሮች በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታረቁ ዕድል ይሰጣል። አስገድዶ መድፈር ግን የሽማግሌ ጉዳይ አይደለም።

4. ቀኑን ቁጠሩ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ። ጀማሪ አማካሪ መጀመሪያ "ማን ልክ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። የቆየ አማካሪ "መቼ ነው የሆነው?" ብሎ ይጀምራል። ይርጋ፣ ማለትም ሕጉ ለክስ የሰጠው የጊዜ ገደብ፣ ያለፈበት እውነት ብዙ ጊዜ የትም አይደርስም።

የሥራ ክርክርን እንይ፤ በከተማ ማዕከላት የማይጠፋ ጉዳይ ነው። በአዋጅ 1156/2011 ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰሉት ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ 6 ወር አለው። ከውሉ መቋረጥ ጋር የሚመጡ ክፍያዎችም 6 ወር ናቸው። ሌላ የተለየ ጊዜ ካልተወሰነ 1 ዓመት ነው።

አሁን አንድ ሰው ታኅሣሥ 28 መጣ እንበል። "ከመስቀል በኋላ ነው ያባረሩኝ" ይላል። ሰው ቀን የሚያስታውሰው በበዓል ነው፦ ከጥምቀት በፊት፣ የፋሲካ ሳምንት፣ ረመዳን ሊገባ ሲል። መስቀል መስከረም 17 ስለሆነ የተባረረው መስከረም መጨረሻም፣ ጥቅምትም ሊሆን ይችላል። ጥቅምት 5 ከሆነ 3 ወሩ የሚሞላው ጥር 5 አካባቢ ነው። አንድ ሳምንት ነው የቀራችሁ፤ በመሐል ገና አለ። መስከረም 20 ከሆነ ግን ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄው አልፎበታል፤ የክፍያው ይቀራል። "ከመስቀል በኋላ" ብሎ የተጻፈ ማስታወሻ እዚህ ምንም አይጠቅምም። የስንብት ደብዳቤውን ጠይቁ። ደብዳቤው የተጻፈበትንና እሱ የተቀበለበትን ቀን ለየብቻ መዝግቡ። ፋሲካና ዒድ በየዓመቱ ስለሚንቀሳቀሱ የዚያን ዓመት መቁጠሪያ አውጥታችሁ አመሳክሩ።

ለሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤት አቤት ብሎ ከነበረም ጠይቁ፤ የይርጋውን አቆጣጠር ሊለውጠው ይችላል። የመጨረሻውን ቀን በፋይሉ ሽፋን ላይ በቀይ ጻፉ። ባለጉዳዩም በእጁ ይዞት ይሂድ።

ቀጥሎ ሒሳቡ ነው። ከሕግ ውጭ የተሰናበተ ሰው የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ግን ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በቀን 200 ብር እያገኘ 4 ዓመት የሠራ ሰው ለመጀመሪያው ዓመት 6,000 ብር፣ ለቀሪዎቹ ሦስት ዓመታት 2,000 ብር በየዓመቱ፣ በድምሩ 12,000 ብር ይጠይቃል። ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ ከነበረና ወደ ሥራ ካልተመለሰ የ180 ቀን ደመወዝ ካሳ፣ ማለትም 36,000 ብር አለ። የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያም አለ፤ ከ1 እስከ 9 ዓመት ላገለገለ የ2 ወር ነው። ባለጉዳዩ "አሥራ ሁለት ሺህ ሰጥተው አስፈርመው ሊያሰናብቱኝ ነው" ካለ ምን እየተወ እንደሆነ በቁጥር ታሳዩታላችሁ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አዋጁ ለሰውየው ይሠራ እንደሆነ አረጋግጡ። የቤት ሠራተኛ ከመጣች የግል አገልግሎት ቅጥር ከ1156 ውጭ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ክፈቱ። የመንግሥት ሠራተኛም የራሱ አዋጅና የራሱ አስተዳደር ፍርድ ቤት አለው።

5. ወረቀቱን ተቀበሉ፣ ዋናውን መልሱ

ፌስታሉን በሙሉ ጠረጴዛ ላይ አውጡ። በቀን ደርድሩ። ፎቶ ኮፒ አድርጉና ዋናውን እዚያው መልሱ። ዋናውን ይዞ ማደር አይሆንም፤ የጠፋ የጋብቻ ሠርተፊኬት ወይም የባንክ ደረሰኝ ለመተካት ወራት ይፈጃል።

በቤት ኪራይ ጉዳይ ውሉ በጽሑፍ መሆኑን፣ መመዝገቡንና መቼ እንደተፈረመ ተመልከቱ። በአዋጅ 1320/2016 ውሉ ተጽፎ መመዝገብ አለበት፣ ከ2 ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። "በሚቀጥለው ወር ውጡ" የተባለ ተከራይ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይፈታል። ቢሆንም ውሉን ሳታዩ ደስ አታሰኙት።

6. ወዲያው አትመልሱ

"ታዲያ አሸንፋለሁ?" ይሏችኋል። የሚመከረው መልስ "መዝገቡን ከጠበቃው ጋር አይተን ሐሙስ እንነግርዎታለን" ነው። አያሳፍርም። ይርጋው ነገ የሚሞላ ከሆነ ደግሞ ሐሙስን አትጠብቁ፤ ኃላፊውን ከስብሰባ አስወጡት።

ባለጉዳዩ ሲሄድ የሕጉን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። "የባልና የሚስት ጉዳይ" የሚለው ጥያቄ አይደለም። "ጋብቻ ሳይፈጽሙ ለ5 ዓመት አብረው ሲኖሩ ያፈሩት ቤት የጋራ ነው ወይስ የባል የግል?" የሚለው ጥያቄ ነው። እንዲህ ሲጻፍ የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 102 ራሱ ይመጣል፤ ቢያንስ 3 ዓመት የቆየ ግንኙነት ነው የሚለው። ከዚያ የሰበር ውሳኔ ፈልጉ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ይገዛል፤ ውሳኔዎቹም በቅጽ በቅጽ ታትመው ይገኛሉ። ዳኛው ጋ ክብደት ያለው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

ምክሩን ስትነግሩ አማራጩን ከነዋጋው ንገሩ፦ መክሰስ፣ መደራደር፣ መተው። የሚወስነው ባለጉዳዩ ነው። እናንተ ብትሆኑ የማትመርጡትን ቢመርጥም።

7. ማመልከቻውን ጻፉ

የክስ አቤቱታ ቅርጽ አለው፦ የፍርድ ቤቱ ስም፣ የከሳሽና የተከሳሽ ስምና አድራሻ፣ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን ያለው ለምን እንደሆነ፣ የክሱ ምክንያት፣ የሚጠየቀው ዳኝነት፣ የማስረጃ ዝርዝር። መጨረሻው ላይ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት ክሱ በእውነት የቀረበ መሆኑ ይረጋገጣል። ይህን መስመር የረሳ ሰው ከሬጅስትራር ይመለሳል።

ሥልጣኑን ቀድማችሁ አረጋግጡ። አዲስ አበባ ላይ የወራሽነት ማረጋገጫ የሚሰጠው የከተማው ፍርድ ቤት ነው፤ ልደታ የፌዴራል ችሎት ሄዳችሁ ሰልፍ አትያዙ።

አጻጻፉ ላይ ምክሬ አንድ ነው፤ እንባውን ቀንሱ። "ግፍ በግፍ ላይ ተደራርቦ" ዳኛውን አያንቀሳቅስም። ቀን፣ ገንዘብ፣ ሰነድ፣ ምስክር። በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ጎን የትኛው ማስረጃ እንደሚደግፈው በእርሳስ ጻፉ። ማስረጃ ያጣው ዐረፍተ ነገር ይውጣ ወይም ማስረጃ ይፈለግለት። የሚጠየቀው ዳኝነት ላይ ግን አትቆጥቡ፤ ያልተጠየቀ ነገር አይፈረድም።

ሠራተኛ የሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ የለበትም። በሌሎች የፍትሐ ብሔር ጉዳዮች ባለጉዳዩ መክፈል ካልቻለ በድሃ ደንብ፣ ማለትም ያለ ዳኝነት ክፍያ፣ ለመክሰስ ለፍርድ ቤቱ ማመልከት ይችላል። ከወረዳው የድህነት ማስረጃ ስለሚጠየቅ ወረቀቱን ቀድሞ ያውጣ።

ከመፈረሙ በፊት ጽሑፉን ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡለት። ማንበብ ቢችልም።

8. ድንበራችሁን እወቁ

በፌዴራል ፍርድ ቤት ለመሟገት በአዋጅ 1249/2013 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል። በጎ ፈቃደኛ ችሎት ቆሞ አይከራከርም፣ "ጠበቃዬ ነው" ሲሉም ዝም አይልም። ብር አትቀበሉ። የትራንስፖርት፣ የኮፒ እየተባለም አይሆንም። ምሳ ሲጋብዟችሁ ማስቀየም ይከብዳል፤ "የማዕከሉ ደንብ ነው" በሉና ደንቡን አስወቅሱ።

የግል ስልካችሁን አትስጡ። ጉዳዩን ካፌ ውስጥ አታውሩ፤ ስም ባትጠሩም ከተማው ትንሽ ነው።

የታሰረ ሰው ቤተሰብ ከመጣ ተከላካይ ጠበቃ እንዳለ ንገሯቸው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ መክፈል ለማይችልና ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆም ያዝዛል። የተያዘ ሰውም ለጉዞ የሚወስደው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። መቼ እንደተያዘ ጠይቁና ሰዓቱን ቁጠሩ፤ ካለፈ ለኃላፊው ወዲያው አሳውቁ።

9. ሥራውን ወደ ሙያ ለውጡት

ማስታወሻ ደብተር ያዙ። የሰው ስም አይግባበት። ጥያቄው፣ የተጠቀማችሁበት አንቀጽ፣ ጠበቃው ያረመው ነገር ብቻ። ለመውጫ ፈተና ስትዘጋጁ ከማንኛውም ሞጁል ይልቅ የምታገላብጡት እሱን ነው። ያረቀቃችሁትና ጠበቃው በቀይ ያረመው ረቂቅ ሳይጣል ጠይቁና ስሞቹን አጥፍታችሁ ቅጂውን አስቀምጡ።

ያዘጋጃችሁት ክስ ሲሰማ ሄዳችሁ ተቀመጡ። ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው። ዳኛው የትኛው አንቀጽ ላይ ጥያቄ እንዳነሳ፣ ተከሳሹ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያው፣ ማለትም ወደ ፍሬ ነገሩ ሳይገባ ክሱ አይታይ ብሎ በሚያነሳው፣ ምን እንዳለ ጻፉ። ብዙ በጎ ፈቃደኞች ማመልከቻው ገቢ ሲሆን ጉዳዩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ፍርድ አለ፣ ይግባኝ አለ፣ አፈጻጸም አለ። ተፈርዶለት ገንዘቡን ያላገኘ ሰው እንደገና በራችሁን ያንኳኳል።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ ስትጠይቁ "በበጎ ፈቃድ አገልግሏል" የሚል ባዶ ወረቀት አትቀበሉ። በምን ዓይነት ጉዳዮች፣ ምን ያህል ባለጉዳይ እንዳነጋገራችሁ፣ ምን እንዳረቀቃችሁ፣ በማን ቁጥጥር እንደሠራችሁ ይጻፍ። ረቂቁን ራሳችሁ አዘጋጅታችሁ ብትሄዱ ኃላፊው ያመሰግናችኋል።

ስትለቁ ርክክብ አድርጉ። ለእያንዳንዱ ክፍት መዝገብ አንድ ገጽ ጻፉ፦ ጉዳዩ ምን ደረጃ ላይ ነው፣ ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ ነው፣ ይርጋው መቼ ይሞላል፣ ከባለጉዳዩ የሚጠበቀው ሰነድ የትኛው ነው። ለባለጉዳዮቹም ከዚህ በኋላ ማንን እንደሚጠይቁ ስልክ ደውላችሁ ንገሯቸው። የሚተካችሁ ሰው ገና ካልመጣ ገጹን ለኃላፊው አስፈርሙና አንድ ቅጂ ፋይሉ ውስጥ አስቀሩ።